መብራቱን ማን ያበራ ነበር

አስጎብኚው ተወልዶ ያደገው ሠላሳ ሰው በማይሞላባት ትንሽ ደሴት ላይ ነው። በጀልባ ለሚመጡ እንግዶች የፈራረሰውን ምሽግና ለመርከቦች መብራት ይበራበት የነበረውን የድሮ ማማ ሲያሳይ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ማማው ሥር ሲደርስ ሁልጊዜ፣ "የመጨረሻው ጠባቂ ሰክሮ ደረጃው ላይ ይተኛ ነበር፤ መብራቱን የምታበራው ሚስቱ ነበረች" ይላል። ሰዉም በሳቅ ፍርስ ይላል። ቀልዱን የፈጠረው ራሱ ነው።

ባለፈው ወር ሁሉም ሲስቅ አንዲት አሮጊት ብቻ አልሳቁም። ሌሎቹ ወደ ጀልባው ሲወርዱ ጠጋ ብለው፣ "ልጄ፣ ጠባቂው አባቴ ነው። እናቴ እኔን ወልዳ ነው የሞተችው። አባቴ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ መብራቱን የሚያበራው እኔን አዝሎ ነበር" አሉት።

አስጎብኚው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። "እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ሰው ለማሳቅ ብዬ ነው።"

"እኔስ ይቅር ልበልህ፤ የሰሙትን ሁሉ ከየት ታገኛቸዋለህ?" ብለው ቁልቁለቱን ቀስ እያሉ ወረዱ።

ከዚያ ወዲህ የሚያወራው አሮጊቷ የነገሩትን ነው፤ የሚስቅም የለም። ጀልባዋ በሄደች ቁጥር ግን በሃያ ዓመት ውስጥ ስቀው የሄዱት ሰዎች ፊቱ ላይ ድቅን ይሉበታል። ዛሬም የሆነ ቤት ውስጥ ስለዚያ ሰካራም ለልጆቻቸው የሚያወሩ ይመስለዋል።