የእማማ ዘሀራ ደብዳቤ

ባለፈው እሑድ ከእህቴ ልጅ ጋር ቴሌቪዥን እናይ ነበር። አቅራቢው ለአንዲት እናት ከልጇ የመጣ ደብዳቤ አቀበላትና ካሜራው ፊቷ ድረስ ሲጠጋ፣ «ጮክ ብለሽ አንብቢልን» አላት። ሴትዮዋ ሁለት መስመር ሳትዘልቅ አለቀሰች፤ ተመልካቹ አጨበጨበ። የእህቴ ልጅ እንባዋን እየጠረገች፣ «አክስቴ፣ እውነተኛ ታሪክ እኮ ነው!» አለችኝ። እኔ ግን በሐሳብ አልዩ አምባ ወርጄ ነበር።

በደርግ ዘመን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስሁ፣ ከደብረ ብርሃን ወደዚያ የቆላ ከተማ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተመደብሁ። ከአንኮበር ጉም ጋቢ ተከናንቦ የተነሣ ሰው፣ ቁልቁለቱን ሲጨርስ ጋቢውን በክንዱ ይዞ ነው የሚደርሰው። ትምህርቱ ሊያበቃ ሲል ኅዳር ነበር፤ ማሽላው ደርሶ ተማሪዎቼ ጥንቅሽ እየቆረጡ ያመጡልኝ ነበር። ዛሬም የፊደል ገበታ ባየሁ ቁጥር ያ ጣፋጭ ውሃ አፌን ይሞላዋል።

ከተማሪዎቼ አንዷ በርበሬ ነጋዴዋ እማማ ዘሀራ ነበሩ። አንድ ልጃቸው ጦር ግንባር ነበር። በዚያ አገር ደብዳቤ ሲመጣ የተማረ ሰው ይፈለግና ገበያ መሀል ቆሞ ያነበዋል፤ ሰው ሁሉ ከብቦ ይሰማል። የልጃቸው የመጀመሪያ ደብዳቤ በዚህ ዓይነት ተነብቦ፣ «እማዬ፣ እፈራለሁ» ያለው ቃል ለሳምንታት የጎረምሶች መሣለቂያ ሆነ። ሁለተኛው ሲደርስ እማማ ዘሀራ ሳይከፍቱት ደረታቸው ውስጥ ሸሸጉትና መጥተው ተመዘገቡ።

«ወላሂ፣ ምስክር ወረቀቴን የያዝሁ ቀን እከፍተዋለሁ። ከእኔ ዓይን በፊት የማንም ዓይን አያየውም» አሉኝ። ምስጢሩን የነገሩት ለእኔ ብቻ ነበር።

የምስክር ወረቀቱ ቀን የቴሌቪዥን ሰዎች መጡ። ካሜራ በቅርብ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ጋዜጠኛው፣ «ከተማሪዎችሽ ልብ የሚነካ ታሪክ ያለው ሰው አለ?» ሲለኝ፣ ሊቀርጹኝ ነው ብዬ ጓጓሁና ስለ ደብዳቤው ነገርሁት። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

እማማ ዘሀራን ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጧቸው። አንዲት ጎረቤታቸው፣ «ዘሀራ፣ ዛሬ ሙሽራ ሆንሽ እንዴ?» ብላ ተጣራች።

«ምን ላድርግ፣ ባለ አንድ ዓይን ባል መጣብኝ!» አሉ ካሜራውን እያዩ። ሰው ሳቀ።

«እናቴ፣ የልጅዎን ደብዳቤ ጮክ ብለው ያንብቡልን» አለ ጋዜጠኛው።

አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞር አሉ። ዓይናቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ የከበደኝም እሱ ነው። ከዚያ ከደረታቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡና መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ጀመሩ። «ይድረስ ለውድ እናቴ። እንደምን ሰንብተሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የበርበሬሽ ነገር እንዴት ሆነ? ቀን ሲያልፍ መጥቼ እሸከምልሻለሁ…» ጋዜጠኛው ራሱ ዓይኑን ጠረገ።

እኔ ከኋላቸው ስለቆምሁ ወረቀቱ ይታየኝ ነበር። በዋዜማው ያጻፍኋቸው ልምምድ ነው። በራሳቸው ጠማማ ፊደል «ላሟ ሣር በላች» ይላል፤ ሌላ ምንም የለበትም።

ሰዎቹ መኪናቸውን አስነሥተው ሲሄዱ ተጠጋሁ። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ማንበብ መቻሌን ሊያዩ መጡ፣ አዩ» አሉኝ ረጋ ብለው። «ልጄን ግን ማን ጋበዛቸው?»

ጋባዧ እኔ ነበርሁ። እሳቸው ብቻቸውን ወደ ማሽላው ውስጥ ገቡ፤ ፖስታው ሲቀደድ ሰማሁ። ብዙ ቆይተው ሲወጡ፣ እኔ ፊደል አስተማሪያቸው ከፊታቸው ላይ አንዲት ቃል ማንበብ አቃተኝ። አንድ ጥንቅሽ ሰብረው ግማሹን ሰጡኝ። «እንቺ መምህርት፣ ፀሐዩ በርትቷል።»

በኋላ ዝግጅቱን ደብረ ብርሃን በቀበሌ አዳራሽ አየሁት። አዳራሹ በሙሉ ያለቅስ ነበር። እኔ አላለቀስሁም፤ አፌን ከፍቼ እደነቅ ነበር። አንዲት ሴት፣ በአንዲት የልምምድ ወረቀት፣ አገር ሁሉ እያያት ልጇን ከአገር ዓይን ሸሸገችው። ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ንባብ አላጋጠመኝም።

ይህን ስነግራት የእህቴ ልጅ ቴሌቪዥኑን ረስታ ወደ እኔ ዞረች። «እና ደብዳቤው ምን ይል ነበር?»

«አልጠየቅኋቸውም» አልኋት። «አንድ ጊዜ አሳልፌ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ይበቃኛል።»