የኮሪያው ዐቃቤ ሕግና የአባቴ ቃል

ባለቤቴ የኮሪያ ድራማ ሱስ አለባት። የፍቅሩንም፣ የቤተ መንግሥቱንም አብሬያት አያለሁ፤ እነሱ ሲያለቅሱ እሷም ታለቅሳለች፣ እኔ እስቃለሁ፣ ትቆጣኛለች። የወንጀልና የችሎት ድራማ ከሆነ ግን ሰበብ ፈልጌ እወጣለሁ። ባለፈው እሑድ የደብረ ብርሃን ዝናብ መውጫ አሳጣኝና እዚያው ሶፋው ላይ ቀረሁ። ዐቃቤ ሕጓ ተሸንፋለች። ዳኛው ፍርዱን ሊያነቡ ወረቀታቸውን አስተካክለዋል፤ ተከሳሹ ፈገግ ብሏል። ይሄኔ የችሎቱ በር ብርግድ ብሎ ተከፈተና አንዲት ምስክር እያለከለከች ገባች።

"አላልኩህም? መጣች!" አለች ባለቤቴ እያጨበጨበች።

"ውሸት ነው" አልኳት።

"ፊልም ነዋ! ምን ሊሆን ኖሯል?"

እውነቷን ነው፤ ሰው በፊልም አይናደድም። እኔ ግን በዚያ በር ላይ የቆየ ቂም አለኝ። በወጣትነቴ አንድ ችሎት ውስጥ ተቀምጬ እንዲህ ብርግድ እስኪል ጠብቄዋለሁ።

ያኔ ዘመሮ ከተማ ቤት ተከራይቼ የምማር፣ ጢሜ ገና ማቀምቀም የጀመረ ጎረምሳ ነበርኩ። ጋሽ ወንዴ የሚባሉ ሰው ከገበያው ጀርባ ዙሪያውን በቆርቆሮ የተመታ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። ሲዲው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣል። መጀመሪያ የሕንድ፣ ቀጥሎ የቻይና ካራቴ ነበር፤ በኋላ የኮሪያ መጣና ሁሉንም አባረራቸው። ችግሩ ቋንቋው ነው። ከስር እንግሊዝኛ ይጻፋል፣ እሱንም የሚያነብ የለም። ጋሽ ወንዴ እኔን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አቁመው ተርጓሚ አደረጉኝ። የገባኝን እተረጉማለሁ፣ ያልገባኝን ከራሴ እሞላለሁ። ዛሬ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ የተማርኩት እዚያ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ቅዳሜ፣ ገበያው ሲረጋጋ፣ ገበሬው በርኖሱን እንደለበሰ ይገባል። በክረምት ቤቱ እርጥብ ሱፍ ሱፍ ይሸታል፤ ቆሎ ሲቆረጠም ድምፁ አንዳንዴ ከፊልሙ ይበልጣል። ጋሽ ወንዴ የዐቃቤ ሕጉን ድራማ ያስገቡት በዚህ ሰዓት ነው። እኔ ዐቃቤ ሕጉን ወደድኩት። ቀጭን ነው፤ እንቅልፍ አያውቅም፤ ቢሮው ውስጥ ቆሞ ከወረቀት ኩባያ የሆነ ረጅም ነገር በእንጨት እየሳበ ይበላል። እኔ "መኮሮኒ" ብዬ ተረጎምኩት። አንድ ፀጉር፣ አንድ ቁልፍ፣ መንገድ ዳር የተሰቀለ አንድ ካሜራ ይበቃዋል። እውነት እዚያ አገር ብትቀበር እንኳ የሚቆፍራት ደሞዝተኛ አላት፤ ያስቀናኝ ይሄ ነው። ጠላቷም ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፦ ባለ ፎቅ ሀብታም፣ ወይም የሀብታሙ ባለጌ ልጅ። ምስክር ዝም ካለ ወይ ተከፍሎታል ወይ ፈርቷል። ሌላ ምክንያት እዚያ ድራማ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

ተመልካቾቼ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያዩት።

"ይሄ ሰው ገድሎ ይህን ያህል የሚደበቀው ሽማግሌ የለውም እንዴ?" ይላል አንዱ።

"የሟች አባትስ? አባቱ ሳይጠየቅ እንዴት ነው ይሄ ቀጭን ሰውዬ ብቻውን ነገሩን የሚይዘው?"

"ዐቃቤ ሕግ ነው፤ መንግሥት ነው የወከለው" እላለሁ።

"መንግሥቱ ነው እንዴ የወለደው?"

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እኔም እስቃለሁ፣ በነሱ ነው የምስቀው። ያልሠለጠኑ ሰዎች ናቸው እል ነበር በልቤ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ታላቅ ወንድሜ ንጉሤ ተገደለ። ገብስ የሚታጨድበት፣ ጠዋት ጠዋት አመዳዩ ሣሩን የሚያነጣበት ወቅት ነው። ታደለ ከሚባል ጎረቤታችን ጋር የእርሻ ወሰን እንጋራለን፤ የሱ በጎች ያላጨድነው ገብስ ውስጥ ገቡ፣ ቃል ተቀያየሩ፣ ዱላ ተነሣ። ቦታው ላይ ከሁለቱ ሌላ አባቴ ብቻ ነበሩ። ሰው ጩኸት ሰምቶ ሲደርስ ታደለ ሄዷል፤ አባቴ የንጉሤን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

"ማነው?" ሲሏቸው "ታደለ" አሉ። ፖሊስም መጥቶ ሲጠይቃቸው ያቺኑ አንድ ቃል ሰጡ። "ሌላውን ሐዘኔ ሲወጣልኝ እናገራለሁ" አሉት፤ ተዋቸው። ታደለ ያን ቀን እዚያ አልነበርኩም ብሎ ካደና ታሰረ።

እኔ ከዘመሮ ደርሼ ቀብሬ፣ አልቅሼ፣ ድንኳኑ ሲነሣ ማሰብ ጀመርኩ። እንደኔ ተርጓሚነት ነገሩ ያለቀ ነበር። የኮሪያው ዐቃቤ ሕግ ተከታታዩን ፊልም ሙሉ ሲባዝን የሚያገኘው የዓይን ምስክር፣ እኛ ቤት መደብ ላይ ተቀምጧል። ታደለ ይፈረድበታል፤ ንጉሤም እንደ ውሻ ወድቆ አይቀርም። ከዚህ ሌላ የምመኘው ነገር አልነበረኝም።

አርባው ሲወጣ የታደለ ዘመዶች መጡ። በማለዳ፣ ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው፣ ከአጥራችን ውጭ አመዳዩ ላይ ተንበረከኩ። ከፊታቸው የንስሐ አባታችን አባ ተክሌ መስቀል ይዘው ቆመዋል። አባቴ አልወጡም። በማግስቱ መጡ፣ አልወጡም። እንዲህ እየተመላለሱ ሰነበቱ፤ እናቴ ከተንበረከኩት መሐል አንዱን አዛውንት በአጥሩ ቀዳዳ እያየች "ሽማግሌው ሰውዬ ሊሞቱብን ነው" ትል ነበር። አንድ ቀን አባቴ ጋቢያቸውን አጣፉና ወደ በሩ ሄዱ።

"አባባ፣ ሊታረቁ ነው?" አልኳቸው።

"ታደለ ወንድሞች አሉት። እኔ የቀረኸኝ አንተ ነህ።"

"ፍርድ ቤት እያለ?"

"ፍርድ ቤት ታደለን ያስርልኛል። ወንድሞቹን ማን ያስርልኛል? አንተንስ? ነገ ለጥምቀት ጠላ ቀምሰህ ዱላ ብታነሣ ማን ይይዝልኛል?" በሩን እየከፈቱ "አንዱን ቀብሬያለሁ" አሉ።

ዕርቁ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሆነ። በእኛ አገር የደም ዕርቅ በቀልን መተው ብቻ አይደለም፤ ነገሩን ከአፍ ማውጣትም ክልክል ነው። ከዚያች ቀን በኋላ በቤትም፣ በእርሻም፣ በዳኛ ፊትም አይነሣም። አባቴ በገብርኤል ማሉ። እኔም ደም መላሽ ልሆን የምችለው እኔ ነኝና ከጎናቸው ቆሜ ማልኩ፤ ከንፈሬ ማለ እንጂ ልቤ የችሎቱን ቀን ይጠብቅ ነበር። መጥሪያ እንደሚመጣ አውቄያለሁ። አባቴ ፍርድ ቤት ቀርበው እጃቸውን ሲያነሡ፣ የፍርድ ቤቱ መሐላ የገብርኤሉን ይሽረዋል ብዬ አሰብኩ። ድራማው ላይ እኮ ምስክሩ እስከ መጨረሻው ያንገራግርና ዓይኑ እንባ ሲሞላ እውነቱን ያወጣዋል።

ተዘዋዋሪው ችሎት ወደሚቀመጥበት ከተማ ስንሄድ ግማሹን መንገድ በእግር ነበር። ነፋሱ ፊት ይገርፋል፤ አባቴ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከፊት ይሄዳሉ፣ እኔ የገብስ ዳቦአችንን ይዤ እከተላለሁ። አንድ ፊልም አወራላቸው ጀመር። ልጇ የተገደለባት እናት ነበረች፤ ዝም እንድትል ሁሉም ለምኗት ነበር፤ በመጨረሻ በሩን ከፍታ ገብታ መሰከረች። አባቴ በጥሞና ሰሙኝ። ዳቦ ልንቆርስ ስንቀመጥ ጠየቁኝ።

"ያቺ ሴት ከመሰከረች በኋላ የት ገባች?"

"ወደ ቤቷ።"

"ጎረቤቶቿ እነማን ናቸው?"

"አይታይም አባባ፤ እዚያ ላይ ያልቃል።"

"እንዲያ በላ" አሉና ዳቦውን ሰጡኝ።

ነገሩን አልተውኩም። "ፍርድ ቤትም እኮ ያስምላል" አልኳቸው።

"ዳኛው ማታ ወደ ከተማው ይመለሳል። እኔ የምመለሰው ገብርኤል ወዳለበት ነው።"

የችሎቱ አዳራሽ ወለሉ ሲሚንቶ፣ አግዳሚው ጠባብ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ ቀጭን አልነበረም፤ ጉንፋን ይዞታል፣ ከፊቱ የሌላ ሰው መዝገብ ተቆልሏል፣ በየመሐሉ ይናፈጣል። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። አባቴ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ማሉ።

"አባት፣ ያዩትን ይንገሩን" አላቸው።

"ስደርስ ወድቆ አገኘሁት። የመታውን አላየሁም።"

"ለፖሊስ ታደለ ብለዋል እኮ!"

"ሐዘን ላይ ነበርኩ።"

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ ተናገሩ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አባቴ፣ የሞተው ልጅዎ ነው" አሏቸው።

"አውቃለሁ ጌታዬ" አሉ አባቴ።

ያን ጊዜ ነው ወደ በሩ ማየት የጀመርኩት። ማን እንዲገባ እንደጠበቅኩ ዛሬም አልገባኝም። የሚገባ ሰው አልነበረም፤ ያየው ሰው አንድ ነው፣ እሱም ገብቷል። ወሰናችን ላይ ካሜራ የለ፣ ካዩት የቀሩት በጎች ናቸው። በሩ አንዴ ተከፈተ፤ አንዲት አሮጊት ራሳቸውን አስገቡና "የቀለብ ጉዳይ እዚህ ነው?" ብለው ጠየቁ። ፖሊሱ በእጁ ወደ ሌላ ክፍል አሳያቸው። ክሱ በማስረጃ አልተረጋገጠም ተባለና ታደለ ተለቀቀ።

ወደኛ መንገድ የምትሄድ መኪና አንዲት አይሱዙ ብቻ ነበረች። ሁላችንም እላይዋ ላይ ተሳፈርን። ታደለ ከእህል ጆንያ ላይ ተነሥቶ ለአባቴ ቦታ ለቀቀላቸው፤ አባቴ "እግዜር ይስጥህ" ብለው ተቀመጡ። እኔ ፊቴን ወደ ውጭ አዙሬ ልቤ እስኪፈነዳ ድረስ አለቀስኩ።

ዘመሮ ስመለስ ጋሽ ወንዴ አዲስ ሲዲ አምጥተው ጠበቁኝ። መተርጎም ጀምሬ ምስክሯ ልትናገር ስትል አቆምኩ። ገበሬው "ምን አለች? ምን አለች?" ይላል። "አላየሁም አለች" አልኳቸው። አንድም ሰው አልገረመውም። ሌላውን ሳልተረጉም ወጣሁ፤ ተመልሼም አልገባሁበትም።

ዕርቁ ሠርቷል፤ ይህን መካድ አልችልም። ከዚያ በኋላ ማንም አልሞተም። አባቴ ሲደክሙ ታደለና ወንድሞቹ በየዓመቱ መጥተው ገብሳችንን ያጭዱ ነበር፤ ንጉሤ ሲያጭድ የነበረውን ረድፍ ታደለ ይይዘዋል፤ አባቴ ጠላ ይቀዱለታል። እኔም አግብቼ፣ ልጅ ወልጄ አለሁ። ለዕርቁ መሥራት ማስረጃው እኔ ነኝ። ቢሆንም በዚያ ዕርቅ የዳነው ሰው፣ አንድም ቀን ደስ ብሎት እንደማያውቅ ለማን ይነገራል? የኮሪያው ዐቃቤ ሕግ ቢመጣ ሁላችንንም ያጨራርሰን ነበር ብዬ አስባለሁ፤ አባቴ ደግሞ ንጉሤን ዳግመኛ ቀበሩት። ከሁለቱ የሚሻለውን ይህን ሁሉ ዘመን አስቤ አላገኘሁትም።

እሑድ ዕለት ዝናቡ ሲያባራም ከሶፋው አልተነሣሁም። ድራማው ምስክሯን ካስገባ በኋላ ግድያውን መልሶ ያሳይ ጀመር። እነዚህ ሰዎች አንድን ሞት አንዴ አሳይተው አይበቃቸውም፤ ከጀርባ ያሳዩታል፣ ከፊት ያሳዩታል፣ ቀስ አድርገው ያሳዩታል። ሟቹ በየት በኩል እንደወደቀ፣ በመጨረሻ ምን እንዳለ፣ ማንን እንደጠራ ተመልካቹ አንድም ሳይቀረው ያውቃል። ባለቤቴ እንባዋን እየጠረገች "ቢያንስ እናቱ ሰማች" አለች።

እናቴ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትጠይቀው። በንጉሤ ሙት ዓመት ማግስት አባቴን "ሌላውን አይንገሩኝ፤ ውሃ ጠይቆ ነበር?" አለቻቸው። አባቴ ተነሥተው ወጡ። በሌላ ዓመትም ጠየቀቻቸው፣ በሌላውም፤ ሁልጊዜ ተነሥተው ይወጣሉ። ሊሞቱ አልጋ ላይ ሳሉ አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ይዛ ጠየቀቻቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እንደዚያው ሞቱ፤ እሷም ተከትላቸው ሄደች። ታደለ አለ፤ ገበያ ስንገናኝ ትከሻዬን ስሞ ይሰናበተኛል፤ ቢናገር የዱላውን ነገር ይናገር ይሆናል። እሱ ከእስር ሲወጣ፣ እኔ በዕርቁ ቀን ምለናል እንጂ። ውሃውን ግን እሱም አያውቀውም፤ ሄዷል ያን ጊዜ። ንጉሤ ውሃ ጠይቆ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አሁን በዚህ ዓለም ላይ የለም።