የአጥናፉ እቁብ

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሰዓት ይጠግን የነበረው አጥናፉ፣ ገና ከወጣትነቱ እቁብ በወጣለት ቁጥር የባንክ አክሲዮን ይገዛ ነበር። በየዓመቱ የሚደርሰውን ትርፍም አይነካም፤ ሌላ አክሲዮን ይገዛበታል። እኛ የእቁብ ጓደኞቹ፣ "ወረቀት ይበላል እንዴ?" እያልን ስቀንበታል። እኔማ በእቁቤ ለልብስ ስፌት ቤቴ ቀይ ሶፋ ገዝቼ ሰፈሩን ሁሉ ጠርቼ አስመርቄያለሁ!

ዘንድሮ አጥናፉ ስድሳ ዓመት ሲደፍን ሱቁን ዘጋ። አሁን የሚኖረው በአክሲዮኑ ትርፍ ነው። ጠዋት ጠዋት ማኪያቶውን ይዞ ይመጣና፣ እኔ የስፌት መኪናዬን ስረግጥ እሱ ሶፋው ላይ ይንፈላሰሳል። ደግሞ አያፍርም፣ "ዘርፌ፣ የሶፋሽ ሞላ ወጋኝ እኮ!" ይለኛል።

አይ አጥናፉ! የእኔ እቁብ ላይ ተቀምጦ የራሱን ይበላል።