ተረት በጠራራ ፀሐይ

ልጅ ሳለሁ፣ ተረት በቀን ከተተረከ አውሎ ይጠራል እየተባልን ነበር ያደግነው። አያቴ አባባ ግን ከሰል ሲያከስሉ ቀኑን ሙሉ ማሳ ላይ ይውሉ ስለነበር፣ ተረታቸውን እስኪመሽ መጠበቅ ለእኔ ሞት ነበር።

ያኔ ከአዲስ ቅዳም ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ማሳችን ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዘር እንጨት ከምረው፣ ቅጠልና አፈር አልብሰው፣ ውስጥ ውስጡን እየጨሰ ከሰል እስኪሆን ይጠብቁት ነበር። ግንቦት ተጋምሶ ዝናብ ጠብ አላለም። የሚኮሩባት ባዝራቸው ሣር አጥታ የጎድን አጥንቷ ይቆጠር ነበር። ከሰሉ ተሸጦ ጭድ ካልተገዛላት ልትሸጥ ነው፤ እሷ ከሄደች የአባባ ሳቅም አብሮ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«አባባ፣ አንዲት ብቻ ይተርኩልኝ» ብዬ ነዘነዝኳቸው።

«ወይ የዚች ልጅ ነገር!» አሉና የጅቡንና የዝንጀሮዋን ጀመሩልኝ።

የተረቱ ጅብ ገና ከሚወድቅበት ጉድጓድ ሳይደርስ ሰማዩ ቀላ፤ ዓይን የማያስገልጥ አቧራ መጣ። ነፋሱ የክምሩን አፈር ገፈፈው፤ ጭሱ ወደ ነበልባል ተለወጠ። አየር ከገባ ከሰሉ ዐመድ ነው! አባባ «አፈር! አፈር!» እያሉ በእጃቸው ይዝቁ ጀመር፤ እኔም እያለቀስኩ በቀሚሴ አመላለስኩ። አንዱን ስንደፍን ሌላው ይከፈታል። በመጨረሻ «ጋቢዬም ይቃጠል እንግዲህ!» ብለው ጋቢያቸውን ቀዳዳው ላይ ዘረጉትና አፈር ጫንንበት።

ነፋሱ ሲበርድ ከሁለታችንም የሚታየው ጥርስና ዓይን ብቻ ነበር። አላስችል አለኝ፤ «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ አውሎውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ባዝራዋን ላሸጥዎት ነበር» አልኩ።

አባባ እስኪያስላቸው ሳቁ። «አይ የኔ ጉድ! በግማሽ ተረት ይህን ሁሉ ነፋስ ካመጣሽ፣ በይ ጨርሺውና ዝናቡን አምጪልን!»

በቃሌ አውቀው ስለነበር የቀረውን ተረኩላቸው። እሳቸውም በማያስቀው ቦታ ሁሉ ሳቁልኝ።

የከሰሉ ክምር አንዱ ጥግ ዐመድ ሆኗል፤ የቀረው ግን ለጭዱ በቃ፤ ባዝራዋም ከእኛው ጋር ከረመች። ዝናቡ የመጣው ከሳምንት በኋላ ቢሆንም፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት ብዬ ለሰፈሩ ልጆች ጉራዬን ነፋሁ።

የዚያን ተረት ግማሹን ዛሬ ረስቼዋለሁ። አሁን እኔም እናት ነኝ፤ ልጄ ብርጭቆ ሰብራ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ፣ ቁጣው ከአፌ ሳይወጣ ሳቁ ይቀድመኛል።