የበር ዘበኛውን ክፍል ማን ሠራት?

ጋሽ አስረስ ስልሳ አራት ዓመት የኖረባትን ክፍል ማን እንደሠራት አያውቅም። አይፈረድበትም፤ ጥፋቱ የአባቱ ነው።

ላፍቶ ዳገት ላይ ያለው የፊታውራሪ ይርዳው ግንብ በእርሻ መሃል ብቻውን ቆሞ ሳለ፣ አባቱ የበሩ ዘበኛ ነበሩ። ከበሩ አጠገብ ባለችው ባለ አንድ ክፍል የድንጋይ ቤት ይኖሩ ነበር። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ መዝጋቢዎች መጡ። አባቱ ደረታቸውን ነፍተው፣ «ይህቺን በገዛ እጄ ነው የሠራኋት፤ የፊታውራሪ አይደለችም» ብለው አስመዘገቡና ቤቷ ተረፈች። በገብርኤል ቀን ጠላ ሲቀማምሱ ግን ግድግዳዋን እየደባበሱ የፊታውራሪን ግንበኞች ያመሰግኑ ነበር። ልጁ የቱን ይመን? ሳይጠይቃቸው ሞቱ።

እኛ የግቢው ተከራዮች በዚህ ስንስቅበት ኖረናል። ዘንድሮ ሳቁ ቀረ። ግንቡ በቅርስነት ሊመዘገብ ነው፤ ፊታውራሪ ካሠሩት ውጭ የተጨመረው ሁሉ ይፈርሳል ተባለ። ባለሙያዋ ማርቲ ሜትር ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ መዝገቡ አባትዎ ናቸው የሠሯት ይላል። ስለዚህ ትፈርሳለች።»

«ኧረ ልጄ፣ አባቴ ዋሽቶ ነው። የፊታውራሪ ናት።»

ማርቲ ድንጋዩን ከግንቡ ድንጋይ ጋር አስተያየች። «ሊሆን ይችላል» አለች። የጋሽ አስረስ ፊት በራ። «እንደዚያ ከሆነ አትፈርስም። ግን ቅርስ ውስጥ ሰው አይኖርም፤ ሌላ ቤት ይሰጥዎታል።»

ግራ ገባው። ሦስት ቀን ሙሉ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ «ማን ሠራት ልበል?» ብሎ ጠየቀ፤ እኔንም ሁለቴ ጠይቆኛል። ሚስቱ ተናኘ ተናደደች።

«በየትኛውም መንገድ መውጣታችን ካልቀረ ምን ያብሰለስልሃል?»

«የአባቴ ናት ካልኩ ይንዷታል። አይደለችም ካልኩ ውሸታም አደረግኩት። ምናልባት እውነቱን ነበር እኮ።»

ማርቲ ቅጹን ይዛ ስትመለስ፣ ማን ሠራት በሚለው ቦታ «ፊታውራሪ ይርዳው» ብሎ አስጻፈ። ፈረመበትም። እሷ ከሄደች በኋላ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ።

«አባቴ፣ ይቅር በለኝ» አለ። «ሠርተሃትም ከሆነ፣ አልሠራትም ብያለሁ። እንድትቆም ብዬ ነው።»