ቋጥኞቹ የተኙበት ዓመት

አክስቴ ኤደልሚራ ዋና አትችልም። ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ እስከ ስድሳ ሦስት ዓመቷ ባሕር ውስጥ እየገባች ኮቻዩዮ ስትቆርጥ ኖራለች፤ ዋና ግን አትችልም። ለምን እንዳልተማረች ሲጠይቋት «ልወድቅ አላሰብኩ፣ ምን ያደርግልኛል?» ትላለች።

ኮቻዩዮ ቋጥኝ ላይ የሚበቅል፣ እንደ ጠፍር የሚረዝም የባሕር ተክል ነው። ከድንች ጋር ቀቅለን እንበላዋለን፤ የተረፈውን አድርቀን፣ በእስር በእስር አድርገን ለከተማ እንሸጣለን። አክስቴ ትልልቁን ማዕበል አሳልፋ ባሕሩ ጋብ ሲል ትወርድና ከሥሩ አንድ መዳፍ ከፍ አድርጋ ትቆርጠዋለች። ሥሩን የነቀለ ወዮለት! እኔ በልጅነቴ አንድ ቀን ነቅዬ በዚያው በእርጥቡ ኮቻዩዮ ጀርባዬን ልጣኛለች። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች የሚያስጥለኝም አልነበረም።

በየዓመቱ ብርዱ ሲያልፍ የባሕር ወሽመጣችን ቤተሰቦች አሸዋው ላይ ተሰብስበው ከባርኔጣ የዕጣ ጠጠር እያወጡ ቋጥኝ ይከፋፈላሉ። በየሦስተኛው ዓመት ግን ባርኔጣው አይወጣም። ቋጥኞቹ ተኙ እንላለን። ዘሩ እስኪበተን፣ ቹንጉንጎ የምንላት የባሕር ድመትም ግልገሎቿን እስክታሳድግ ድረስ ማንም እግሩን አይነክርም። ዓመቱን ድንች እየቆፈርን፣ አንዳንዴም ጦማችንን እያደርን እንገፋዋለን።

የመንግሥት ሰዎች ወሽመጧን ሊያጠኑ የመጡት ልክ ቋጥኞቹ በተኙበት ዓመት ነው። እኔ ዕቃ ተሸካሚያቸው ነበርኩ፤ ቦታው ሲከለል የጥበቃ ሥራ እንደሚሰጡኝም ቃል ገብተውልኛል። ማካሬና የምትባል ወጣት አጥኚ ደብተሯን ይዛ አክስቴ ዘንድ መጣች።

«ዶና ኤደልሚራ፣ እዚህ ባሕር ውስጥ የሚሠራ ሰው አለ?»

«ማን አባቱ ደፍሮ!» አለች አክስቴ፣ ደረቷን ነፍታ። «እግሩን የነከረ ካለ አሳዪኝና ጎትቼ ላውጣው።»

«አንድም ሰው የለም?»

«አንድም! የገዛ ወንድሜ መጥቶ ሲያንዣብብ በመቅዘፊያ ነው ያባረርኩት። ጻፊው የኔ ልጅ፣ ጻፊው።»

ልጅቷም ጻፈች፤ «ተጠቃሚ የለም» ብላ። ከኋላዋ ቆሜ አነበብኩት። «ዘንድሮ ብቻ ነው» ማለት ይበቃ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ የተገባልኝን ሥራ አስቤ መልሼ ዘጋሁት። አክስቴ ለእንግዶቹ የመጨረሻ ድንቿን ቀቀለችላቸው። ሲሄዱም «አየህ ኦስቫልዶ፣ ሥራችንን የሚያይ ሰው ገና አሁን መጣ» አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር። እኔም አዎ አልኩ፤ ከዚህ የባሰ ምን ውርደት አለ?

በዓመቱ ወሽመጧ ጥብቅ ሥፍራ ሆነች። ተክሉ መትረፉ፣ አሥራ አንድ የቹንጉንጎ ግልገሎች መቆጠራቸው በወረቀት ተመሰገነ፤ «የሰው እጅ ያልነካው» ተባለ። ያልነካው! የአክስቴን ጣቶች አንድ ቀን ቢያዩ ኖሮ! እናቷ በሸምበቆ የሠራችው፣ እሷም በየበጋው የምታድርበት ጎጆ ቅርስ ነው ተብሎ በገመድ ታጠረ። አቤት ልትል ከተማ ድረስ ሄደች። ባለሥልጣኑ የማካሬናን የደብተር ገጽ አውጥቶ «ይኸው፣ የራስዎ ቃል ነው» አላት።

ስትመለስ በር ላይ ቆማ «አንተ አጠገባችን ነበርክ አይደል?» አለችኝ።

«ነበርኩ።»

«ስትጽፍ አይተሃል?»

ድንች ልልጥ ጎንበስ አልኩ። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም።

ሌሎቹ ቤተሰቦች አንድ በአንድ ጥድ ለመቁረጥ ወደ ደን ሥራ ሄዱ። እሷ ቀረች። ባርኔጣው መውጣት በነበረበት ጠዋት ቢላዋዋን ይዛ፣ ገመዱን ተሻግራ ወረደች። እኔ አዲሱን የጥበቃ ጃኬቴን ለብሼ ከላይ ቆሜያለሁ። ማዕበሎቹን አሳለፈች፣ ገባች፣ ቆረጠች።

«አክስቴ፣ በፈጠረሽ ውጪ!»

ተክሉን ትከሻዋ ላይ ጥላ ወጣች። ውኃው ከልብሷ ይንጠባጠባል።

«ልትቀጣኝ ነው?»

«ካልቀጣሁ እኔን ያባርሩኛል። ምን ላድርግ?»

ኮቻዩዮውን እግሬ ሥር አኖረችው፤ ቢላዋዋንም በእጀታው በኩል አዙራ አቀበለችኝ። የክስ ወረቀቱን አውጥቼ ስሟን ሳልጠይቃት ሞላሁ። ፊቷን ላለማየት ረጅም ጊዜ ጻፍኩ።

«የት ልፈርም፣ ጌታዬ?» አለችኝ።

«ጌታዬ አትበይኝ እንጂ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «ወረቀትዎ እንዳይበላሽ ብዬ ነው። የት ልፈርም፣ ጌታዬ?»

ቦታውን በጣቴ አሳየኋት።