ወንዙን እስከ ባሕር የሸኘው ሙሀመድሰዒድ

ሙሀመድሰዒድ የኤርፖርት ሻትል ሹፌር ነው፤ ከዚያ በላይ ግን የወንዝ ሰው ነው። ተወልዶ ያደገው ወሎ፣ ቦርከና ዳር ነበር። ቦርከና አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ አፋር በረሃ ውስጥ ሐይቅ ሆኖ ይቀራል እንጂ ባሕር የሚባል ነገር አያይም። ይህን ትምህርት ቤት የሰማ ቀን ተቀየመ፤ ሃምሳ ዓመት ሞልቶትም ቅያሜው አለቀቀውም። ወንዝ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ባሕር ሳይደርስ መቅረቱ በደል ነው ብሎ ያምናል።

ታዲያ ከአገር ወጥቶ ኢስት ፖይንት በሚባል ከተማ ቤት ከተከራየ በኋላ፣ ከመንገዱ በታች በቱቦ የሚሾልከው ውሃ ሳውዝ ሪቨር የሚባል ወንዝ መነሻ እንደሆነ፣ ወንዙም ስም እየለወጠ ሄዶ አትላንቲክ እንደሚገባ ሲሰማ ደስታውን አልቻለውም። ለተሳፋሪው ሁሉ አወራ። ቤተሰቡንም አሰለቸ። ሚስቱ ነሲባ በመጨረሻ "እሺ፣ አንዴ እንየውና ዝም በለን" አለችው። ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ የምትውል ሴት ናት፤ የሰጠችው የሳምንት አንድ የዕረፍት ቀኗን ነው። ጣፋጩና ጨዋማው ውሃ ሲገናኙ ላሳይሽ ብሎ ቃል ገባላት።

በ2003 ሰመር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከነሲባና ከልጃቸው ከሰፊያ ጋር አምስት ሰዓት ነድቶ ወንዙ አፍ ደረሰ። በእሱ ቤት ሁለቱ ውሃዎች አንዱ ሰማያዊ አንዱ ቡናማ ሆነው፣ ድንበር አበጅተው ይጠብቁታል። ያገኘው ግን ሣርና ጭቃ ነው። ለቀትሩ ሶላት ለዙህር በወንዙ ውሃ ውዱእ ሲያደርግ ተጉመጠመጠ፤ የጨው ሽታ እንኳ የለውም።

"አባዬ፣ ላይክ፣ ይሄ ነው?" አለች ሰፊያ።

ነሲባ የጫማዋን ጭቃ እየጠረገች "መንገደኛ ነን፤ የዐስርን ሶላትም ከዙህር ጋር አጣምረን ሰግደን እንመለስ" አለች። አለመቆጣቷ ይበልጥ አሳፈረው።

"ዐስርን በሰዓቱ ነው የምሰግደው" ብሎ ድርቅ አለ። በሶላት ከመጣ ማን ይከራከረዋል? ውሃው ላይ አፍጥጦ ቁጭ አለ።

ከቀትር በኋላ፣ ቁልቁል ይንሳፈፍ የነበረ የሣር ጉንጉን ቆመ። ቆየት ብሎ ዞረና ሽቅብ ሄደ። ደገኛ ሰው ወንዝ ወደ ኋላ ሲመለስ የት አይቶ ያውቃል? ሙሀመድሰዒድ ዓይኑን አሸ። ዐስር ሲደርስ እዚያው ቦታ ቁጢጥ ብሎ ተጉመጠመጠ፤ ጨው። ደገመ፤ ጨው። ሦስተኛውን ሳይተፋ ሳቁ አመለጠውና ሸሚዙን አራሰው። እሱ ወንዙ ባሕር እስኪደርስ ሲጠብቅ፣ ባሕሩ ራሱ ሞልቶ እንግዳ ሊቀበል መንገድ ወጥቶ ኖሯል።

"ነሲባ፣ ነይማ ቅመሺ።"

የዙህር ውዱእዋ ስላልፈረሰ ዳግም መታጠብ አያሻትም ነበር፤ ቢሆንም መጣች። ቀሚሷን ሰብስባ ቁጢጥ አለች፤ ተጉመጠመጠች፤ ተፋች። አንዴ ወንዙን፣ አንዴ እሱን አየች።

"መቼ ነው ተመልሶ የሚጣፍጠው?"

"እኔ ምን አውቄ። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መግሪብ ላይ ይሆናል።"

"እንግዲያው መግሪብንም እዚሁ ነው የምንሰግደው" አለችና ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃው ውስጥ ከተተች።